እንቢ የማይባሉ ሽማግሌዎች

«ያንቺ ፊት ለማልቀስ ነው የተሠራው እንጂ ሰው ለማዘዝ አይደለም።»

ይህን ያለኝ ፕሮዲውሰሩ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ቢሮው ውስጥ፣ ድርሰቴን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። ድርሰቱን ወዶታል። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ፣ ልጅቷን ሆኜ እንድተውንለትም ፈልጓል። እኔ ግን መተወን በቅቶኛል፣ ዳይሬክተሯ መሆን ነው የምፈልገው ብዬው ነው እንዲህ ያለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የታየውን ነው የተናገረው። እኔ ደግሞ ቶሎ የሚነድደኝ ሰው ነኝ፤ «እንግዲያው ፊቴን ቤት ትቼው እመጣለሁ» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ትንሽ ይለሰልሳል። በመጨረሻ ነገሩን እንዲህ ብሎ ቆረጠው፦ የፊልሙን ዋና ትዕይንት፣ የልጅቷ አባት ለጋብቻ የመጡትን ሽማግሌዎች እንቢ ብሎ ከቤቱ የሚያስወጣበትን፣ አንኮበር ሄጄ ልቅረጽ። እሱ በሳምንቱ መጥቶ ያያል። ሰው የሚያስለቅስ ከሆነ ፊልሙን እኔው እጨርሰዋለሁ። ካልሆነ ሌላ ዳይሬክተር ይዞ ይመጣል፣ እኔም ወደ ለቅሶዬ እመለሳለሁ።

ስለ ፊቴ የተናገረው ሐሰት አልነበረም። የተወለድኩት አንኮበር ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ግን ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። እዚያ የትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ ወላጆቿን ያጣች ልጅ የምትሆን ሲፈልግ ድምፅሽ ትልቅ ነው ብለው እኔን መረጡኝ። ድራማው የታየው በኅዳር፣ ጠዋት፣ ሜዳ ላይ ነበር። ገና አፌን ስከፍት እንባዬ ዝርግፍ አለ። ያለቀስኩት አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት ዓይኑ የማያነባ ሰው ካለ እሱ ሐኪም ይታይ። ተማሪው ግን አብሮኝ አለቀሰ፤ ርእሰ መምህሩም ከመጋረጃው ኋላ መጥተው እቤት የሚመታሽ ሰው አለ ወይ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ሥራዬ ሆነ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከአንዱ ተከታታይ ድራማ ወደ ሌላው እየተጠራሁ በጥፊ የምትመታ ሠራተኛ ሆንኩ፣ የተከዳች እጮኛ ሆንኩ፣ የሟች እህት ሆንኩ፣ አንድ ጊዜም ገና በሃያ ሦስት ዓመቴ የሦስት ልጆች እናት የሆነች መበለት ሆንኩ። ሌሎቹ ተዋንያን ዓይናቸው ሥር የሚያቃጥል ቅባት ይቀባሉ። እኔ የኅዳርን ጠዋት አስባለሁ፣ እንባዬ ይወርዳል። ታክሲ ውስጥ ሰው እጄን ይዞ «አይዞሽ እህቴ፣ ያልፋል» ይለኛል። አንዴ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አንዲት ብርቱካን የምትሸጥ ሴትዮ ፌስታል ሙሉ ብርቱካን አሸክማኝ «ያንን ባል ግን ፍቺው» አለችኝ። ባል የለኝም ብላትም አላመነችኝም። እናቴማ ጎረቤት ሲጠይቃት «የሰው ልጅ ሐኪም ይሆናል፣ መሐንዲስ ይሆናል፤ የኔዋ ለቅሶ ቤት ተቀጥራለች» ትላለች። ኮርታብኝ ነው እንዲህ የምትለው፤ እናቴ የምትኮራበትን ነገር ሳትሰድብ አታልፍም።

ችግሩ እኔ ቁጭ ማለት አልችልም። ተዋናይ ማለት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ አንዴ የሚነሣ ሰው ነው። መብራት እስኪስተካከል ወንበር ላይ ተቀመጪ ይሉኛል፤ እኔ ካሜራማኑ ትከሻ ላይ ነኝ። ለምን ከዚያ ወገን አትቀርጸውም እለዋለሁ። ሜካፕሽ ይበላሻል፣ ተቀመጪ ይሉኛል። አንድ ቀን ዳይሬክተሩን፣ ሠራተኛ የሆነች ልጅ ለቅሶዋን እንግዳ ፊት አትለቅም፣ ማድ ቤት ገብታ ነው የምታለቅሰው፣ ካሜራውንም ማድ ቤት ማስገባት አለብህ አልኩት። «አንቺ ነሽ ወይስ እኔ ነኝ ዳይሬክተሩ?» አለኝ። «ለጊዜው አንተ ነህ» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር። የዚያኑ ሰሞን ድርሰቱን መጻፍ ጀመርኩ።

ድርሰቱ ስለ ራሴ ነው ማለት ይቻላል። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ሆኜ፣ አንኮበር አባቴ ጋ ሽማግሌ ተልኮ እንደ ነበር ሰምቻለሁ። ጋብቻው አልሆነም፤ እኔም ትምህርቴን ቀጠልኩ። ማንም ቁጭ አድርጎ የነገረኝ የለም። እኔ በራሴ ጊዜ፣ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ልጄን አልሰጥም፣ ውጡልኝ» ሲላቸው፣ ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ጉም ውስጥ ሲጠፉ፣ እየደጋገምኩ አየሁት። የፊልሙ ልብ እሱ ነበር። ያ «አልሰጥም» ባይኖር ልጅቷ አትማርም፣ ፊልሙም አይኖርም።

መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን ተነሣን። ልጅቷን የምትሆነውን ያገኘኋት ደብረ ብርሃን ነው፤ ቤተሰቧ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ፣ መጠለያ ውስጥ የሚኖር። ለተዋናይ ምርጫ የመጡትን ሁሉ አለቃቀስ ሳይ ዋልኩ፤ ስሜን ሰምተው ለቅሶ ብቻ ነው ተዘጋጅተው የመጡት። እሷ ተራዋ ሲደርስ «እኔ ለቅሶ በቅቶኛል። ሳቅ ያለበት ካለሽ ልሞክርልሽ» አለችኝ። እዚያው መረጥኳት። አባትየውን የሚሆነው ደግሞ ከአዲስ አበባ አብሮኝ የመጣ አንጋፋ የቴአትር ሰው ነው፤ ድምፁ ከሰውነቱ ቀድሞ በር የሚገባ። ቤቱ የድሮው ቤታችን ነው። አባቴና እናቴ አሁን ደብረ ብርሃን ወንድሜ ዘንድ ስለሆኑ አጎቴ ይኖርበታል።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ አብሮን የመጣው ካሜራማን ከአዲስ አበባ ተዋንያን አምጥተን ጺም እንለጥፍላቸው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የአንኮበር እውነተኛ ሽማግሌ እያለ የተለጠፈ ጺም ምን ያደርጋል ብዬ አጎቴን ላክሁት። ሦስት ሰው ይዞልኝ መጣ። አንዱ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው። ሁለተኛው ሐጂ፣ ቤታቸው ቆላ አሊዩ አምባ ቢሆንም እርቅና ሰርግ በተባለ ቁጥር ዳገቱን የሚወጡ ሰው። ሦስተኛው ከእርሻ ቢሮ በጡረታ የወጡ፣ ሲናገሩ ሰምቼአቸው የማላውቅ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔም ድርሰቱ ላይ ሳል ከመሳል በቀር ሥራ አልሰጠኋቸውም።

የቀረጻው ዋዜማ ላይ ላለማምዳቸው ስል መሪጌታ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ልጁ የማን ልጅ ነው አሉኝ። የቱ ልጅ ስላቸው፣ ሙሽራው አሉ። ፊልሙ ላይ አይታይም፣ ስለዚህ የማንም ልጅ ይሁን አልኳቸው። መሪጌታና ሐጂ ተያዩ። የማንም ልጅ ሽማግሌ አይልክም አሉኝ። እኔ ስለ መብራቱና ስለ ጉሙ እያሰብኩ ነበርና እንግዲያው እናንተው አባት ፈልጉለት ብያቸው ወጣሁ። ያን ማለት አልነበረብኝም።

በነጋታው ጉሙ ከፍ እስኪል ጠብቀን ጀመርን። ሰፈሩ በሙሉ አጥሩ ላይ ተደርድሯል። እኔ «አክሽን» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ «ቤቶች፣ ቤት ለእግዜር እንግዳ» እያሉ ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ልጅህን ለልጃችን ብለን ነው አሉ። እስከዚህ ድረስ ከድርሰቱም ይበልጥ ቆንጆ ነበር። አባትየው ያን ድምፁን ለቀቀው፦ «አይሆንም። ልጄን አልሰጥም። ከቤቴ ውጡልኝ።»

እንግዲህ አንገት ደፍቶ መውጣት ነው። ማንም አልወጣም። መሪጌታ ተዋናዩን በርኅራኄ አዩት።

«እንዲህ አይባልም፣ ልጄ» አሉት ረጋ ብለው። «ዛሬ ደክሞሃል። ቀጠሮ ስጠንና ሌላ ቀን እንመለሳለን።»

«ካት» አልኩ። ይኼ እኮ ፊልም ነው አልኳቸው። ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ አሉኝ። ታዲያ ለምን አልወጡም ስላቸው እጃቸውን ወደ አጥሩ ዘረጉ። ይኼ ሁሉ ሰው እያየ፣ ነገ ደግሞ በቴሌቪዥን አገር እያየ፣ እንደ ውሻ ተባርሬ ልውጣ? ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ሲጠፋ ማን መሪጌታን ጥሩ ይላል? ሐጂም ደገፏቸው። ሽማግሌ አንዴ እንቢ ተብሎ ከተመለሰ ተሰበረ ማለት ነው፤ የተሰበረ ማሰሮ ደግሞ ውኃ አይቀዳበትም አሉ።

ደግመን ሞከርን። አሁን ሐጂ ቀደሙ። አባትየው ገና «አይሆንም» ብሎ ሳይጨርስ፣ ወላሂ ይህን የመሰለ ልጅ ብትዞር አታገኝም ብለው ሙሽራውን ያወድሱት ጀመር። ለካ ሌሊቱን አባት ብቻ አይደለም የፈለጉለት። መሪጌታ ዲያቆን አድርገውታል። ሐጂ ደግሞ አሊዩ አምባ ላይ ሱቅ ከፍተውለታል። ወደ መዘዞ በኩል የገብስ መሬት አለው፤ በጎችም አሉት። ከሁሉ ይልቅ ተዋናዩን ያሳዘነው ደግሞ እናቱን ለብቻው የሚጦር መሆኑ ነው። እኔ ካት ስል፣ እነሱ ሲቀጥሉ፣ እኔ ስጮህ፣ አጥሩ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ልጁ በዚህ ላይ መጠጥ አይቀምስም ብሎ ከውጭ ሲጨምርበት፣ በመጨረሻ ያ አንጋፋ ተዋናይ ትከሻው ወረደ።

«እስቲ ለዳግማይ ትንሣኤ ተመለሱ» አለ።

አጥሩ በእልልታ ተናወጠ። ከበሩ ኋላ ቆማ ታለቅሳለች ያልኳት ልጅ በሳቅ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ተዋናዩን ምን ነካህ አልኩት። «ምን ላድርግ፣ ልጁን ወደድኩት» አለኝ።

መሬቱን በእግሬ እየመታሁ ከቤቱ ጀርባ ሄድኩ። ያቺ የቢሮ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ናት፦ ሰው ለማዘዝ አይደለም። ፕሮዲውሰሩ ከነገ ወዲያ ይመጣል፤ ተዋናዩ ሌላ ሥራ አለውና ፕሮዲውሰሩ በሚመጣበት መኪና ይመለሳል። እዚያ ሣር ላይ ቆሜ ብቻዬን እየተነጫነጭኩ ሳለ መሪጌታ ምርኩዛቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ተቆጣሽ አይደል አሉኝ። አዎ ተቆጣሁ አልኳቸው፤ አልደበቅሁም። እናንተ ለልጁ አዘናችሁ፣ አባትየው እንቢ ካላለ ግን ልጅቷ አትማርም፤ ፊልሙ እኮ እሱ ነው አልኳቸው።

«ማን አለሽ? አንቺ ተምረሽ የለም ወይ?»

«እኔማ አባቴ እንቢ ብሎልኝ ነው።»

 መሪጌታ እየሳቁ ግድግዳውን ተደገፉ።

«አባትሽ እንቢ አላለም» አሉኝ። «የተላክሁት እኔ ነኝ። በዚችው በር ነው የገባሁት። ያ ሰው አንድ ቀን እንኳ እንቢ ብሎኝ አያውቅም፤ ጉልበቴን ነው የጨረሰው።»

የነገሩኝን እንዳለ ልጻፈው ብል አልችልም፤ እየሳቁ ነው የነገሩኝ። መጀመሪያ ሲመጡ አባቴ በደስታ ተቀብሏቸው፣ ለእህል ውቂያ ማግስት ቀጥሯቸዋል። ሲመለሱ ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ይሻላል ብሏል። ከፋሲካ በኋላ በሬው ታሟል። በሬው ሲድን ክረምት ገብቷል፤ በክረምት እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም። ከፍልሰታ በኋላ የእናቴ አጎት ተዝካር ደርሷል። በየጊዜው ያበላቸዋል፣ ያጠጣቸዋል፣ እስከ ወንዙ ይሸኛቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ልጁ ሌላ አገባ፤ እኔም አሥራ ሁለተኛ ደረስኩ።

እዚያው ቆሜ ለአባቴ ደወልኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ መሪጌታም ይሰሙ ጀመር። አባዬ፣ መሪጌታን ለምን ያን ያህል አመላለስካቸው፣ ለምን እንቢ አትላቸውም ነበር አልኩት። 

«እንቢ ብላቸው በሳምንቱ ሌላ ሽማግሌ ይመጣብኝ ነበር» አለኝ። «ቀጠሮ የያዘ ሽማግሌ እያለ ግን ሌላው ደጄን አይረግጥም። መሪጌታ አጥሬ ነበሩ።»

«ሰማሽው?» አሉ መሪጌታ። «አጥር አድርጎኝ ኖሯል።» ከዚያም ስልኩን ተቀብለውኝ አባቴን ሰደቡት፣ አባቴም መልሶ ሰደባቸው፣ ሁለቱም ጤንነታቸውን ተጠያየቁ።

ስመለስ ካሜራማኑ ዕቃውን ሊሰበስብ ነው። ተወው አልኩት። ያን «አልሰጥም» ከድርሰቱ አወጣሁት። አባትየው እንቢ አይልም፤ ይቀጥራል። ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይመጣሉ። ልጅቷ በበሩ ቀዳዳ እያየች፣ በየቀጠሮው የትምህርት ክፍሏ ከፍ ይላል። ለሽማግሌዎቹ ስነግራቸው መሪጌታ ይኼማ የለመድኩት ሥራ ነው አሉ።

ከዚያ የሆነውን ቀን ሳስታውስ አሁንም ፈገግ እላለሁ። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀረጽነው። ለሁዳዴው ጋቢ ደረብንላቸው፤ ለክረምቱ የአጎቴን ቦት ጫማና የጎረቤት ጃንጥላ ሰጥተናቸው የሰፈሩ ሴቶች ከጣራው ላይ በባልዲ ውኃ ያፈሱባቸው ጀመር። ሐጂ እውነተኛው ክረምት እንኳ እንዲህ አይበረታም አሉ። ጉሙ ሲወርድ ዝም ብሎ ያጀበን ይመስል ነበር። ተዋናዩ የበሬውን ሕመም ሲናገር ከሰው ፊት ላይ ያላየሁት ሐዘን አሳየ፤ መሪጌታ ደግሞ ምን እንደሚሉ ማንም ሳይነግራቸው፣ በሬው ምን አበላችሁት ብለው በሬውን ያክሙ ገቡ። እኔ ከካሜራው ጀርባ ወዲያ ወዲህ ስሮጥ ድምፄ ዘጋ። ቁጭ በይ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል የመጨረሻውን የተዝካሩን ቀጠሮ ቀረጽን። አባትየው ሲቀጥር፣ ሽማግሌዎቹ እሺ ብለው ሲዞሩ፣ እኚያ ቀኑን ሙሉ ሲስሉ የዋሉት ጡረተኛ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆም አሉ። ምንም ቃል አልሰጠኋቸውም። ወደ መሪጌታ ጠጋ ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣

«ይህ ሰውዬ እኮ እያሾፈብን ነው» አሉ።

ካሜራማኑ በሳቅ ትከሻው ተናጠ፤ ምስሉም አብሮ ተናጠ። ካት አላልኩም። እስከ ዛሬ ያ ምስል እንደ ተናጠ ነው ያለው፤ አላስተካከልኩትም።

ፕሮዲውሰሩ እንዳለው መጣ፤ ሌላውን ዳይሬክተርም ይዞ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ከመኪና ሲወርድ ሊያየኝ አፍሮ ተራራ ተራራውን ያያል። ቀኑ የአሊዩ አምባ ገበያ ነበረና ከሰዓት ቆላ ወርደን ልጅቷን ገበያ ውስጥ የምንቀርጽበት ነበር። የቀረጽነውን ለፕሮዲውሰሩ አጎቴ ቤት ውስጥ በላፕቶፕ አሳየሁት። ሲያይ ሁለት ሦስት ጊዜ በአፍንጫው ሳቀ። ሲያልቅ ግን ፊቱን መልሶ ሰበሰበ። ያልኩሽ ይህን አይደለም አለኝ። በዚህ ማን ያለቅሳል አለኝ። ማንም አያለቅስም አልኩት። ተመልካቹ ካንቺ ለቅሶ ነው የሚጠብቀው፣ እኔም ቃል የገባሁት ለቅሶ ነው አለ። ነገ ይኼ ዳይሬክተር ይቀጥል፣ የእንቢታውን ትዕይንት ተዋንያን አምጥቶ አዲስ አበባ ዳር ይቀርጸዋል፣ አንቺ ልጅቷን ሁኚ አለኝ። ልጅቷ እኮ አለች፣ እዚያ ውጭ ቆማለች አልኩት። እንግዲህ ትሂዳ አለ።

ብዙ ተናገርኩት። ሁሉንም አልጽፈውም። የማልጸጸትበትን ብቻ ልጻፍ፦ የሚያለቅስልህ ፊት ከፈለግህ መስታወት ግዛ አልኩት። ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ልጅቷ ነገሩን ሰምታ መሬቱን በጫማዋ ጫፍ ትቆፍራለች። አጎቴ ደግሞ ምሳ ተጠርተው የመጡትን ሽማግሌዎች ይዞ አጥሩ ሥር ይንሾካሾካል። ሲንሾካሾኩ አየሁ፤ መሪጌታ ሲናገሩ፣ ሐጂ ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ ጡረተኛው ሲስሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ምርኩዛቸውን አነሡና ሦስቱም በሰልፍ ፕሮዲውሰሩ ፊት መጥተው ቆሙ። እሱ ከቤት ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ተቀመጡ እንጂ አባቶች» አላቸው።

«አንቀመጥም። ጉዳይ አለን» አሉ መሪጌታ።

ፕሮዲውሰሩ የሚቀረጽ መስሎት ካሜራ ፍለጋ ዙሪያውን አየ። ካሜራው ሻንጣ ውስጥ ነበር። ሽማግሌ ቆሞ እሱ መቀመጥ አይችልምና ተነሣ። ሌላው ዳይሬክተርም ተነሣ። አጎቴ ተነሣ፣ ተዋናዩ ተነሣ፤ ግቢው በሙሉ ቆመ።

«ፊልም ለሠሪው እንደ ልጁ ነው ብላናለች ይቺ ልጅ» አሉ መሪጌታ። እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም። «እንግዲህ ልጅህን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

ፕሮዲውሰሩ መጀመሪያ ሳቀ። እነሱ አልሳቁም። ነገሩ የሥራ ጉዳይ ነው፣ አዲስ አበባ ገብቼ ከሰዎች ጋር እመካከርበታለሁ አላቸው።

«ቀጠሮ ከሆነ ችግር የለም» አሉ ሐጂ። «ቆመን እንጠብቃለን። እኛ ቀጠሮ ለምደናል።»

«ጉልበቴን ያመኛል» አሉ ጡረተኛው። «መቆም ግን እችላለሁ።»

ወደኔ ዞረ። ያንቺ ተዋንያን አይደሉም እንዴ፣ ተቀመጡ በያቸው አለኝ። አሁን እኔ አላዘዝኳቸውም አልኩት። እውነቴን ነው። ሐጂ ደግሞ ያንን ሙሽራ እንዳወደሱት እኔን ያወድሱኝ ገቡ፤ ሥራ ስትይዝ እህል ውኃ አትልም፣ ዝናብ ከጣራ ታወርዳለች፣ ሽማግሌ ታከብራለች፣ ብቻ አፏ ትንሽ ያቃጥላል፣ እሱም በርበሬ የሌለው ወጥ ስለማይጣፍጥ ነው አሉ። አጥሩ ላይ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ፀሐዩ በመሪጌታ ነጭ ጥምጥም ላይ ነው፤ ላባቸው በጆሮአቸው ሥር ይወርዳል፤ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ሌላው ዳይሬክተር ወደ ፕሮዲውሰሩ ጆሮ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አለው። በኋላ ስጠይቀው «እኔ እነዚህን ሰዎች አስቁሜ ቤቴ ብሄድ እናቴ አታስገባኝም» ነው ያልኩት አለኝ።

ፕሮዲውሰሩ ፊቱን በመዳፉ አበሰ።

«እሺ። ትጨርሰው» አለ።

«ጮክ በል ልጄ፣ ሐጂ ጆሮአቸው ደክሟል። ለማን ነው የሰጠኸው?» አሉ መሪጌታ።

«ለሷ። ፊልሙን እሷ ትጨርሰው። እስከ መጨረሻው።»

አጥሩ እልል አለ። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ ጡረተኛው ጉልበታቸውን ያዙ። አጎቴ ለመሪጌታ ጠላ፣ ለሐጂ ሻይ ይዞ መጣ። ፕሮዲውሰሩም አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ለመሆኑ በሬው ዳነ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። መሪጌታ ልመርቅሽ፣ ነይና ጎንበስ በይ ብለው ጠሩኝ። ፀሐዩን አየሁ፤ ከቆላው ላይ እየዞረ ነው። ምርቃቱን ያቆዩልኝ፣ ገበያው ይበተንብኛል አልኳቸው። ካሜራማኑንና ልጅቷን ጠርቼ መኪናው ላይ ወጣን፤ ወደ አሊዩ አምባ ወረድን።